ስለ ድኽነትና ስለ ሰው ዕድሜ፤ የመንግሥት ርዳታ ለሕፃን፣ ለጐልማሳና ለሽማግሌ የሚያደርገው ጥቅም

ድኽነት ማለት ሰው ለምግቡ፣ ለልብሱ፣ ለመጠለያውና ለልጆቹ ማሳደጊያ የሚያስፈልገውን ነገር ማጣት ነው። ይህ ማጣት በሰው ሁሉ ላይ በአንድ ልክ እንደማይወድቅ የታወቀ ነው፤ ከአገር አገር፣ ከቤት ቤት ይለያያል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን በአንዱ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደግሞ መለያየቱን ነው። ያው አንድ ሰው በሕፃንነቱ ተርቦ፣ በጕብዝናው ጠግቦ፣ በእርጅናው ተመልሶ ሊራብ ይችላል። ስለዚህ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው ርዳታ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚደርስ፣ በየዕድሜውም ድኽነትን ምን ያህል እንደሚቀንስ መመርመር ይገባል።

ይህም ምርመራ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በየቀበሌው ርዳታ የሚገባውን ሰው ለይተው የሚያስመዘግቡት ብዙ ጊዜ የአገር ሽማግሎች ናቸው። ከትምህርት የቀረውንም ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀው አስተማሪው ነው። እነዚህ ሰዎች ነገሩን ጠንቅቀው ያወቁ እንደ ሆነ ጥቂቱ ርዳታ ለሚገባው ይደርሳል፤ ያላወቁት እንደ ሆነ ግን ብዙውም ርዳታ ያለ ፍሬ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ምዕራፍ ፩። ድኽነት ሰውን በዕድሜው ሦስት ጊዜ እንዲያገኘው

በእንግሊዝ አገር ዮርክ በምትባል ከተማ ሲቦም ራውንትሪ የሚባል ሰው ነበረ። ቤተ ሰቡም ቸኮላታ የሚሠራ ፋብሪካ ነበራቸው። ይህ ሰው በ1899 የከተማይቱን ሠራተኞች በየደጃቸው እያስጠየቀ የቤታቸውን ኑሮ አስጻፈ። የተጻፉትም ቤተ ሰቦች ከ11,000 በላይ ነበሩ። ውጤቱንም በ1901 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ እጅግ ባለጸጋ ይባል በነበረው አገር ውስጥ በዚያች ከተማ ከ100 ሰው 28 ያህሉ በድኽነት ይኖር እንደ ነበረ ተገለጠ።

ከዚህም የበለጠ ያስደነቀው ነገር ሌላ ነው። ራውንትሪ የጕልበት ሠራተኛውን ዕድሜ በአምስት ከፍሎ ቢመለከት ሦስቱ የችግር፣ ሁለቱ የማለፊያ ኑሮ ዘመን ሆነው አገኛቸው። ሠራተኛው በሕፃንነቱ ድኻ ነው፤ አባቱ ብቻውን ሠርቶ ብዙ አፍ ይመግባልና። ራሱ መሥራት ሲጀምር ኑሮው ይሻሻላል። አግብቶ ሁለትና ሦስት ልጅ ከወለደ በኋላ ተመልሶ ይቸገራል። ልጆቹ አድገው ሲያግዙት እንደ ገና ይተነፍሳል። በመጨረሻ ልጆቹ ጎጆ ወጥተው ጕልበቱም ሲደክም እንደ ገና በድኽነት ይወድቃል።

ይህ ነገር ለእንግሊዝ ከተማ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በገበሬ ቤትም ያው ነው። ምሳሌውን በቍጥር እናሳይ። ባልና ሚስት በዓመት 10 ኩንታል እህል ያገባሉ፤ ለአንድ ሰውም የዓመት ቀለብ 2 ኩንታል ያስፈልጋል እንበል። ልጅ ሳይወልዱ ቀለባቸው 4 ኩንታል ነውና ለዘር፣ ለልብስና ለግብር 6 ኩንታል ይተርፋቸዋል። ሦስት ልጆች ቢወልዱ ግን 10ሩም ኩንታል ለቀለብ ያልቃል፤ ለዘር የሚሆን አንድ ቁና አይቀርም። አራተኛ ልጅ ቢመጣ ቀለቡ ራሱ ይጐድላል። ባልና ሚስቱ ሰነፎች አልሆኑም፤ መሬቱም አልከዳቸውም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የሚበላው አፍ ሲበዛ የሚሠራው እጅ እንደ ቀድሞው ሁለት ሆኖ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ ድኻውን ሁሉ «ቢሠራ ኖሮ ባልደኸየ ነበር» ማለት ስሕተት መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። የሕፃኑና የሽማግሌው ድኽነት ከስንፍና የመጣ አይደለም።

ምዕራፍ ፪። ስለ ሽማግሎች

መንግሥታት በሕግ አስቀድመው ካሰቡላቸው ሰዎች ሽማግሎች ይገኙበታል። የጀርመን መንግሥት በቢስማርክ ዘመን በ1889 ለሠራተኞች የእርጅና ድርጎ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ድርጎውን ለማግኘት 70 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ በ1916 ግን ወደ 65 ዓመት ዝቅ ተደረገ። እንግሊዝም በ1908 ሕግ አውጥታ ገቢያቸው ዝቅ ላለ፣ 70 ዓመት ለሞላቸው ሽማግሎች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ትሰጥ ጀመር።

በነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ልዩነት አለ። በጀርመን ሠራተኛውና አሠሪው አስቀድመው እያዋጡ የተጠራቀመው ገንዘብ በእርጅና ጊዜ ይከፈላል። በእንግሊዝ ግን ሽማግሌው ምንም ሳያዋጣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይቀበል ነበር። መዋጮው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በአገራችንም እንደ ዕድር ያለ ነው። መልካምነቱ ሰውዬው ድርጎውን እንደ መብቱ መቀበሉ ነው፤ ጕድለቱ ደግሞ ደመወዝ ኖሮት የማያውቀውን ሰው ማስቀረቱ ነው።

አሜሪካም በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በ1935 ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን ሕግ አወጣች። ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዙ እኩል እያዋጡ፣ የመጀመሪያው የወር ድርጎ በ1940 ተከፈለ። የዚህ ሕግ ፍሬ በቍጥር ይታያል። በ1959 ከ100 አሜሪካውያን ሽማግሎች 35ቱ ድኾች ነበሩ። በ1974 ከ15 አነሱ። በ2023 ደግሞ ከ10 በታች ሆኑ። ሽማግሌ የምንለው 65 ዓመት የሞላውን ነው።

ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው የሕጉ መውጣት ብቻ አይደለም፤ ድርጎው ከገበያ ጋራ እንዲሄድ መደረጉ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ድርጎውን ከ100 እጅ በ20 እጅ ከፍ አደረገው። ከ1975 ጀምሮም የገበያው ዋጋ በጨመረ ቍጥር ድርጎው በየዓመቱ አብሮ እንዲጨምር ደነገገ። ይህ ባይሆን ኖሮ በወረቀት ላይ ያው የሆነው ድርጎ በገበያ ግን ከዓመት ዓመት ባነሰ ነበር። ገንዘቡ ሲሰጥ የሚገዛው እህል ስንት እንደ ሆነ ካልተመዘነ ርዳታው መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ምዕራፍ ፫። ስለ ሕፃናት

በዚያው በአሜሪካ በ1959 ከ100 ሕፃናት 27ቱ ድኾች ነበሩ። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከሽማግሎቹ የተሻሉ ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን የሽማግሎቹ ድኽነት እየቀነሰ ሲሄድ የሕፃናቱ እንደዚያ ሊሄድ አልቻለም። በ1974 የድኻ ሕፃናት ቍጥር ከመቶ ሲታሰብ ከድኻ ሽማግሎች በለጠ። በ2023 ከ100 ሕፃናት 15 ያህል ድኾች ነበሩ።

ምክንያቱ ምንድር ነው? አንደኛ፤ ሕፃን በምርጫ ቀን ድምፅ የለውም፤ በሸንጎም ቆሞ አይናገርም። ሁለተኛ፤ ለሕፃን የሚሰጥ ርዳታ በወላጆቹ እጅ ያልፋል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ሁልጊዜ «አባቱ ሥራ ይተዋል፤ እናቱ ታባክነዋለች» እያሉ ይጠራጠራሉ፤ በወላጁም ላይ በተጠራጠሩ ጊዜ የሚቀጣው ልጁ ነው። ሦስተኛ፤ የሽማግሎቹ ድርጎ ከገበያው ጋራ በየዓመቱ ሲጨምር ለሕፃናቱ የተሰጠው ብዙው ርዳታ ግን እንደዚያ ያለ ዋስትና አልነበረውም።

የሕፃናት ድኽነት በርዳታ ሊቀንስ የማይችል የሚመስለው ሰው ቢኖር በ2021 የሆነውን ይመልከት። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ለልጅ ማሳደጊያ ይሰጥ የነበረው የግብር ቅናሽ ለአንድ ልጅ ከ2,000 ዶላር ወደ 3,000፣ ልጁ 6 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ወደ 3,600 ዶላር ከፍ ተደረገ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥም ግማሹ በየወሩ ለወላጆች ተላከ። ገቢ የሌላቸውም ወላጆች እንዲያገኙት ተፈቀደ። ርዳታውን ሁሉ በሚያስገባው አቈጣጠር በ2020 ከ100 ሕፃናት 10 የሚጠጉ ድኾች ነበሩ፤ በ2021 ወደ 5 ወረዱ። ሕጉ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበረና በ2022 ቍጥሩ ከ12 በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ርዳታው ሲመጣ ድኽነቱ ወደ እኩሌታ ወረደ፤ ርዳታው ሲሄድ ድኽነቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ድኽነት የሚቈጠርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። በፊተኛው መንገድ የሚቈጠረው በእጅ የገባ ገንዘብ ብቻ ነው። ከ2011 ጀምሮ በሚታተመው በሁለተኛው መንገድ ግን የምግብ ርዳታና የግብር ተመላሽ ይጨመራል፤ ለሐኪም የሚከፈለውም ይቀነሳል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ በ2023 ከ100 ሕፃናትም ከ100 ሽማግሎችም 14 ያህሉ ድኾች ሆነው ተገኙ። ሽማግሌ ለሕክምና ብዙ ያወጣልና ችግሩ በዚህ አቈጣጠር ከፍ ይላል። በአንዱ ሚዛን የተመዘነውን ከሌላው ሚዛን ጋራ ማወዳደር አይገባም፤ በቀበሌም እንዲሁ ሰው ሲመዘን ላሙ ብቻ ሳይሆን ዕዳውና ሕመሙ አብሮ ይመዘን።

የሕፃን ረኃብ ከሌላው ረኃብ የሚብስበት አንድ ነገር አለ። ጐልማሳ ተርቦ ቢጠግብ ሰውነቱ ይመለሳል። በማኅፀን ሳለና እስከ 2 ዓመቱ ድረስ በምግብ የተጐዳ ሕፃን ግን ቁመቱም ትምህርት የመቀበል ኃይሉም ይቀንሳል፤ ይህንንም ጕዳት በኋላ ማካካስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አስተማሪው በክፍሉ ውስጥ የደነዘዘ የሚመስለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ ያለፈው ድርቅ የጐዳው ልጅ ነው።

ምዕራፍ ፬። ለመሥራት ስለሚችሉ ጐልማሶች

መንግሥታት ሁሉ ርዳታን ለጐልማሳ ለመስጠት ይፈራሉ፤ ርዳታው ሥራ ያስተወዋል ብለው ያስባሉና። ስለዚህ ለጐልማሳ የሚሰጠው ርዳታ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ጋራ የታሰረ ነው። በአሜሪካ በ1975 የወጣው ሕግ ለሚሠራ ድኻ ግብር ይመልስለታል፤ ሥራ የሌለው ግን ከዚህ ምንም አያገኝም። ለሚሠራውም ቢሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ2023 ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ያለው እስከ 7,430 ዶላር ሊያገኝ ሲችል ልጅ የሌለው ግን ከ600 ዶላር አይበልጥለትም ነበር።

ርዳታን ከሥራ ጋራ ማሰር ሥራ ባለበት ጊዜ መልካም ነው። ሥራ በጠፋበት ወይም ሰው በታመመበት ጊዜ ግን ርዳታው እጅግ በሚያስፈልግበት ቀን ይጠፋል። ይህን ጕድለት ለመሙላት አንዳንድ መንግሥታት ራሳቸው ሥራ ይፈጥራሉ። በአገራችን የተያዘው መንገድ ይህ ነው፤ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ምዕራፍ ፭። የአንዱ ዕድሜ ርዳታ ለሌላው ዕድሜ መድረሱ

እስካሁን ሦስቱን ዕድሜዎች ለያይተን ተናገርን። በአንድ ቤት ውስጥ ግን ሦስቱም ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ስለዚህ ለአያት የተሰጠው ድርጎ ለልጅ ልጅ ይደርሳልን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ የደቡብ አፍሪካ ነገር መልስ ይሰጣል። በዚያ አገር የነጮች መንግሥት ለረዥም ዘመን ለነጭ ሽማግሌ ብዙ፣ ለጥቁር ሽማግሌ ጥቂት ድርጎ ይሰጥ ነበር። ያ ሥርዓት ሊያልቅ ሲል በ1993 ድርጎው ለሁሉም እኩል ሆነ፤ ያን ጊዜ ሴት በ60፣ ወንድ በ65 ዓመቱ ይቀበል ነበር። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤስተር ዱፍሎ የምትባል የኤኮኖሚ ሊቅ የዚያን ዓመት መዝገብ መርምራ በ2003 ያሳተመችው ጥናት እንዲህ ይላል። ድርጎ ከምትቀበል ሴት አያት ጋራ የሚኖሩ ሴቶች ልጆች በሰውነታቸው ተሽለው ተገኙ። ድርጎውን የሚቀበለው ወንድ አያት በሆነበት ቤት ግን እንደዚህ ያለ ለውጥ አልታየም። ገንዘቡ አንድ ሲሆን ፍሬው በተቀባዩ እጅ ተለየ።

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን «የአያቶች ድርጎ ለሕፃናት ይበቃል» ብሎ አልተወም፤ አያት የሌለው ሕፃን ብዙ ነውና። በ1998 ከ7 ዓመት በታች ላሉ የድኾች ልጆች በወር 100 ራንድ ይሰጥ ጀመር፤ ዕድሜውም ቀስ በቀስ እስከ 18 ዓመት ከፍ አለ።

ምዕራፍ ፮። በአገራችን ያለው ሥርዓት

በአገራችን የጡረታ ሕግ አለ። ቀድሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ነበረ፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተደረገ። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣል። ይህ ግን ደመወዝ ላለው ሰው ነው። ገበሬውና ዘላኑ ደመወዝ የላቸውምና ከዚህ ውጪ ናቸው፤ የእርጅናቸው ጡረታ ልጆቻቸው ናቸው። ልጅ የሞተበት ወይም ልጁ ራሱ የተቸገረበት ሽማግሌ ግን መጠጊያ የለውም።

ለገጠር ድኻ የታሰበው ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው ነው። በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቍጥር ርዳታ ከውጪ ይለመን ነበር፤ እህሉም ብዙ ጊዜ ከብቱ ካለቀ፣ ሰውም ከተሰደደ በኋላ ይደርስ ነበር። ሴፍቲኔት ግን በየዓመቱ እህል የሚያጥርበትን ሰው አስቀድሞ አውቆ፣ አስቀድሞ በተወሰነ ጊዜ ለመስጠት ታሰበ። እስከ 8 ሚሊዮን የሚደርስ ሰውም ታቅፎበታል።

ይህ ሥርዓት ሰውን በዕድሜና በጕልበት ይለያል። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በሕዝብ ሥራ ይሰለፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቈፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ የትምህርት ቤት ክፍል ይሠራል። ደካማ ሽማግሌ፣ የአካል ጕዳተኛና ረዳት የሌለው ሰው ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ይቀበላል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን የታቀፈች እናትም ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ወጥታ ያለ ሥራ እንድትቀበል ተደንግጓል።

ስሌቱ ይህ ነው። በቤቱ ውስጥ ለተመዘገበው ለእያንዳንዱ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል፤ የአንዱም ቀን ዋጋ 3 ኪሎ ያህል እህል እንዲገዛ የታሰበ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 25 ቀን ይታሰብለታል፤ ይህም 75 ኪሎ፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይሆናል። አስተማሪው ይህን ስሌት በክፍል ቢያሠራው ልጆቹ የቤታቸውን ነገር ያውቁበታል።

አሁን ጕዳዩ የሚያሳስብበትን ቦታ እንይ። ለቀበሌው የተሰጠው ቍጥር ሲያንስ ሽማግሎች ማንንም ላለማስቀየም የየቤቱን ሰው ይቈርጣሉ፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ሦስት ስም ብቻ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረውም የታናናሾቹ ልጆች ስም ነው። ያን ጊዜ ቤቱ 15 ቀን ብቻ ይታሰብለታል፤ 45 ኪሎ ይቀበላል። 45ቱ ኪሎ ግን ስማቸው ለተጻፈው ለሦስቱ ብቻ አይበላም፤ ለአምስቱ ይካፈላል፤ ለአንዱ 9 ኪሎ ይደርሰዋል። ርዳታ ለሁሉ ተዳረሰ ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል፤ በእውነቱ ግን ለማንም አልበቃም።

ሁለተኛውም ችግር ከሥራው ይመጣል። ባሏ የሞተባት እናት ከአራት ልጆች ጋራ ብትመዘገብ 25ቱን ቀን ብቻዋን ልትሠራ አትችልም። ደንቡ ለአንድ ሰው የሥራ ቀን ወሰን ያደረገው ለዚህ ነው። ይህ ሳይጠበቅ ቢቀር ታላቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ በእናቱ ፈንታ አካፋ ያነሣል፤ ወይም እናቲቱ በሥራ ስትውል ሴቲቱ ልጅ ሕፃን ለመጠበቅ ከትምህርት ትቀራለች። ሕፃናትን በሕዝብ ሥራ ማሰለፍ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በአስተማሪው መዝገብ ላይ የሚታየው የቀሪ ምልክት በሴፍቲኔቱ መዝገብ ላይ አይታይም።

ጥናቶችም ይህን ሥርዓት መርምረው ሁለት ነገር አገኙ። ቤተ ሰቡ እህል የሚያጣበት ወራት ቍጥር ቀንሷል። የሕፃናቱ ቁመትና ክብደት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ተከትሎ አልተሻሻለም። ሕፃን በእህል ብቻ አያድግምና፤ ወተትና እንቍላል፣ ጐመንና ጥራጥሬ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የእናትም ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለቤት የተሰጠው ርዳታ ሕፃኑን እንዲያገኘው ሌላ ነገር መጨመር ይገባል። በትምህርት ቤት የሚሰጥ የተማሪዎች ምገባ አንዱ መንገድ ነው፤ ምግቡ በቀጥታ በልጁ አፍ ይገባልና። ነገር ግን ትምህርት ቤት ያልደረሰው ሕፃን ከዚህ ይቀራል፤ ለእርሱ የሚደርሰው በእናቱ በኩል የሚሄደው ነው።

ምዕራፍ ፯። ለሽማግሎችና ለአስተማሪዎች የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ጥቂት ነገር እንመክራለን።

አንደኛ፤ ቤት ሲመዘገብ ነፍስ ሁሉ ይጻፍ። ቍጥሩ የማይበቃ ቢሆን የጥቂት ድኾችን ቤት ሙሉ መጻፍ የብዙውን ቤት ከመሸራረፍ ይሻላል። የቀረው ሰው ግን ለምን እንደ ቀረ በግልጥ ይነገረው፤ ለቅሬታ ሰሚዎችም እንዲያመለክት መንገዱ ይታየው።

ሁለተኛ፤ ድኻ ሲለይ የመሬቱ ስፋት ብቻ አይታይ። በቤቱ ስንት የሚሠራ እጅ፣ ስንት የሚበላ አፍ እንዳለ ይቈጠር። ሦስት ሕፃናት ያሉት ጐልማሳ ጕልበቱ ስለሚታይ ብቻ አይታለፍ።

ሦስተኛ፤ በጉባኤው የሚቀመጡት ሽማግሎች ስለ ሆኑ የሽማግሌ ችግር ይሰማቸዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሕፃን ግን በጉባኤው አይናገርም። ስለዚህ አስተማሪው ተጠርቶ ስለ ሕፃናቱ ይጠየቅ፤ የሚቀሩትን ተማሪዎች ስም ይዞ ይቅረብ።

አራተኛ፤ ብቻዋን የልጅ ልጆችን የምታሳድግ አሮጊት ከሁሉ አስቀድማ ትታሰብ። በእርስዋ ቤት የችግሩ ሁለት ዕድሜዎች ማለት ሕፃንነትና እርጅና ባንድነት ይገኛሉ፤ በመካከል ያለው የሚሠራው እጅ ግን የለም። ለእርስዋ የሚሰጠው ርዳታ ለሁለቱም ዕድሜ ይደርሳል።

አምስተኛ፤ ርዳታው በገንዘብ ሲሰጥ ገንዘቡ በዚያ ወር በገበያ ስንት ኪሎ እንደሚገዛ በየጊዜው ተመዝኖ ለወረዳው ይታወቅ።

መንግሥት ርዳታን ሲሰጥ ከመዝገብ ላይ ስም እንጂ ፊት አያይም። ፊቱን የሚያዩት በመንደሩ የሚኖሩት ናቸው። ስለዚህ ከመዝገቡ ላይ የሕፃን ስም ከመፋቁ በፊት ያ ሕፃን የሚበላው ከየት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ።